ጀርመኑ ምንጅላት

ዲቪ ሲሞላ እያየን ያደግን ነንና ስደት ሲባል የሚታየን ከቦሌ የሚነሳ አውሮፕላን እንጂ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው አይደለም። ለዚህ ነው አንድ ቅዳሜ ማታ ተሰብስበን «ስፓርታከስ»ን ስናይ አንዱ ጓደኛችን «ይሄ ወፈር ያለው ተዋናይ እኮ የእኛ ደም አለበት» ሲል የሳቅንበት። የሚያወራው ስለ ፒተር ኡስቲኖቭ ነበር። ሰውየው በዚያ ፊልም ኦስካር ወስዷል፤ በ1964 በወጣው «ቶፕካፒ» ደግሞ ሁለተኛውን ደርቧል። የተወለደው ለንደን፣ በ1921። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) ስሙ የሩሲያ ነው። ታዲያ ኢትዮጵያ በየት በኩል ገባች?

በአባት በአባት ስንቆጥር አያቱ ላይ ሩሲያ ገባን፤ ባሮን ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭ የሚባል ባላባት። ስም ሲቆጠር የእናት ወገን ይጠፋል፤ በእኛም አገር ያው ነው። ጋብቻ ሲመጣ ግን ሽማግሌ ሰባት ቤት የሚቆጥረው በአባትም በእናትም ነውና እኛም እንደ ሽማግሌ ቆጠርን። የፒተር የአባቱ እናት ማግዳሌና ሆል ትባላለች። የማግዳሌና እናት ካታሪና ናት፤ ሌላው ስሟ ወለተ ኢየሱስ። የወለተ ኢየሱስ እናት እሴተ ወርቅ የምትባል የጎንደር የቤተ መንግሥት ሴት ስትሆን፣ አባቷ ደግሞ ኤድዋርድ ዛንደር የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነው። ለፒተር ምንጅላቱ መሆኑ ነው።

ዛንደር በ1813 አንሃልት በምትባል ትንሽ የመሳፍንት ግዛት ተወለደ። ጀርመን አንድ መንግሥት የሆነችው በ1871 ነውና ጀርመናዊ የምንለው ሰው ጀርመን የሚባል መንግሥት ሳያይ ነው የሞተው። ወደዚህ የመጣው በ1847 ነው። የስዌዝ ቦይ ገና አልተቆፈረም፤ የተከፈተው በ1869 ነው። በዚያ ዘመን ከአውሮፓ የሚነሳ መንገደኛ በሜዲትራኒያን ግብፅ ይደርሳል፣ በረሃውን በየብስ ያቋርጣል፣ ከዚያ ቀይ ባሕርን በጀልባ እስከ ምፅዋ። ከምፅዋ ቆላ ወደ ደጋው ደግሞ በበቅሎና በእግር ነው።

እዚህ ከእርሱ ቀድሞ የገባ የአገሩ ሰው ነበር፤ በ1837 የመጣው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር። ሁለቱም የሰሜንና የትግራይ ገዥ ለነበሩት ለደጃዝማች ውቤ አደሩ። ሺምፐር እንጭጮን እስከ መግዛት ደርሷል፤ ዛንደር ደግሞ ውቤ ላሠሩት ለደረስጌ ማርያም ሙያውን አዋለ። በ1855 ደጃዝማች ካሣ ውቤን ድል ነስተው አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሠዓሊው ለአንድ ጌታ የደከመበት ቤት ጌታውን ላሸነፈው ዘውድ መጫኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ ዛንደር ለቴዎድሮስ አገለገለ።

ልጁ ወለተ ኢየሱስ ያገባችው ከክራኮው የመጣውን ሞሪትስ ሆልን ነው፤ በጋፋት ለንጉሡ መድፍ ከሚያቀልጡት አንዱን። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያስገኘው ጋፋት ማለታችን ነው። ቀሪውን ታሪክ ከትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ወደቀች፤ አውሮፓውያኑም ኢትዮጵያውያት ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ወረዱ። ዛንደር 21 ዓመት ከኖረባት አገር ወጣ፤ ግን ሩቅ አልሄደም። በዚያው ዓመት ምፅዋ ላይ ሞተ። ማግዳሌናም የተወለደችው በዚያው በ1868 ነው፤ ስሟን ስንሰማ መቅደላ ትዝ ቢለን አይፈረድብንም።

እነ ሆል ያፋ ሰፈሩ፤ ያኔ በቱርክ እጅ በነበረችው ፍልስጤም። የመጤው ልጅ በተራዋ መጤ ሆነች ማለት ነው፤ እኛን ከፊልሙ ይልቅ የገረመን ይሄ ነው። ማግዳሌና እዚያው የሆቴል ባለቤት የነበረውን ኡስቲኖቭን አገባች። በ1898 የጀርመኑ ንጉሥ ዳግማዊ ቪልሄልም ያፋ ሲመጣ ያረፈው በእነርሱ ሆቴል ነው። ልጃቸው ዮና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ተዋግቶ ኋላ ለእንግሊዝ ስለላ የሠራ ሰው ነው። እሱን ሌላ ቀን እንመለስበታለን፤ ብቻውን ፊልም ይወጣዋል።

የማግዳሌና ወንድም ዳዊት ሆል ግን ወደ እናቱ አገር ተመለሰ፤ የመንግሥት አማካሪም ሆነ። በ1935 ኢጣልያ ልትወረን ስትዘጋጅ አፄ ኃይለ ሥላሴ መሣሪያ እንዲያፈላልግ በምስጢር በርሊን ላኩት። የዛንደር የልጅ ልጅ የአያቱን አገር የረገጠው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኖ ነው። ተሳካለትም፤ ጀርመን በስውር ማውዘር ጠመንጃና ጥይት ሰጠች። ለንደን ያለው ፒተር ያን ጊዜ ገና 14 ዓመቱ ነው፤ ዳዊት የአባቱ አጎት ነው።