ከውሳኔ በፊት የሚቀድም ሞት፦ የአካል ጉዳት አበል የሚጠባበቁ ሰዎች በአሜሪካ

በአሜሪካ ታሞ ሥራ ያቆመ ሰው ለአካል ጉዳት አበል ካመለከተበት ቀን አንስቶ ውሳኔ እስኪያገኝ ያለው ጊዜ በወራት፣ ይግባኝ ካለበትም በዓመታት ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሕይወታቸው የሚያልፍ አመልካቾች ጥቂት አይደሉም። ለምክር ቤቱ የኦዲት ሥራ የሚሠራው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ እአአ በ2020 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ ከ2008 እስከ 2019 በነበሩት የበጀት ዓመታት ይግባኝ ካሉት 9 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መካከል 109,725ቱ የመጨረሻው ውሳኔ ሳይደርሳቸው ሞተዋል። ከ2014 እስከ 2019 ደግሞ 48,000 የሚሆኑ አመልካቾች ውሳኔ እየተጠባበቁ ሳለ መክሰራቸውን ለፍርድ ቤት አሳውቀዋል።

አኃዙ ጥንቃቄ ይሻል። አመልካቾቹ ቀድሞውንም በጽኑ የታመሙ ናቸው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ገንዘቡ በወቅቱ ቢደርሳቸውም ላይተርፉ ይችሉ ነበር። ሪፖርቱም መዘግየቱ ገደላቸው አይልም። ይሁንና ይህ ማሳሰቢያ አሠራሩን ከወቀሳ ነጻ አያደርገውም። አበሉ የታሰበው መሥራት ያልቻለ ሰው ለቤት ኪራይና ለመድኃኒት እንዳይቸገር ነው፤ ከቀብር በኋላ የሚደርስ የድጋፍ ደብዳቤ ለሟቹ የሚፈይደው የለም።

ጥበቃው የሚረዝመው ጉዳዩ በብዙ እጆች ስለሚያልፍ ነው። ማመልከቻውን የሚቀበለው የፌዴራሉ የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቢሆንም የሕክምና ማስረጃውን መርምረው የሚወስኑት የየግዛቱ ተቋማት ናቸው። በዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ከሦስት ማመልከቻዎች ሁለቱ ገደማ ውድቅ ይደረጋሉ። አመልካቹ በ60 ቀናት ውስጥ እንደገና እንዲታይለት ይጠይቃል፤ ዳግመኛ ከተከለከለ በአስተዳደር ሕግ ዳኛ ፊት ይቀርባል። በ2015 የበጀት ዓመት ይግባኝ ላሉት ሰዎች አማካዩ (ሚዲያን) የጥበቃ ጊዜ 839 ቀናት ደርሶ ነበር። በ2017 ችሎት የሚጠባበቁት ከ1.1 ሚሊዮን በልጠዋል።

ከዚያ ወዲህ የችሎቱ ሰልፍ አጥሯል። ሰልፉ ግን ጠፍቶ ሳይሆን ወደ መጀመሪያው ደረጃ ተሻግሮ ነው፤ በ2019 አራት ወር ገደማ ይወስድ የነበረው የመጀመሪያ ውሳኔ በ2024 ከሰባት ወር በላይ ሆኗል። የዚያን ጊዜው የተቋሙ ኮሚሽነር ማርቲን ኦማሊ በ2023 ውሳኔ እየተጠባበቁ የሞቱትን ሰዎች ቁጥር ወደ 30,000 ገምተውታል።

የተፈቀደለት ሰውም ቢሆን ወዲያው አይከፈለውም። ከሥራ ግብር በሚገኘው የአካል ጉዳት መድን ሕጉ አምስት ሙሉ ወራት ያለ ክፍያ እንዲያልፉ ያዛል፤ ሜዲኬር የተባለው የጤና መድን ደግሞ የክፍያ መብቱ ከጀመረ ከ24 ወራት በኋላ ይመጣል። እንቅስቃሴን የሚያዝዙ ነርቮችን የሚያጠፋው ኤኤልኤስ ያለባቸው ሕሙማን ከአምስቱ ወራት ነጻ የወጡት በ2020 መጨረሻ በወጣ ሕግ ነው። ከ2008 ጀምሮ ከ200 በላይ የሆኑ ከባድ ሕመሞች በተለየ ዝርዝር ተይዘው በፍጥነት እንዲወሰንላቸው ይደረጋል፤ ለዚህ የተለየ ማመልከቻ አያስፈልግም፣ ነገር ግን ሕመሙ በሕክምና ማስረጃ መረጋገጥ አለበት።

ችግሩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በብሪታኒያ ከሚያዝያ 2013 እስከ ሚያዝያ 2018 ድረስ 17,070 ሰዎች የግል ነጻነት ክፍያ ለተባለው አበል ተመዝግበው ውሳኔ ሳያገኙ መሞታቸውን መንግሥት ራሱ በ2019 ለፓርላማ ገልጿል። አገሪቱ ቆየት ብላ ለመጨረሻ ደረጃ ሕሙማን የሚሠራውን ፈጣን መንገድ ከስድስት ወር ዕድሜ ወደ አሥራ ሁለት ወር አስፍታዋለች።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሁለት ነገሮች ከሌላው ይከብዳሉ። አንደኛው የሥራ ዘመን ነው። መድኑ እንደ ዕድሜው የተወሰነ የግብር ክፍያ ታሪክ ይጠይቃል፤ በተለምዶም ካለፉት አሥር ዓመታት አምስቱን የሠራ መሆን አለበት። ታክሲ የሚነዳ ሰው ገቢውን ካላስመዘገበ እነዚያ ዓመታት አይቆጠሩለትም። ኢትዮጵያና አሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ስለሌላቸው በአገር ቤት የተሠራ ዘመንም አይደመርም።

ሁለተኛው አመልካቹ ከሞተ በኋላ የሚሆነው ነው። ብዙ ቤተሰብ ጉዳዩ ከሰውየው ጋር የተቀበረ ይመስለዋል። በመድኑ ሥር የተጠራቀመው ክፍያ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጆች ወይም ለወላጆች፣ እነርሱ ከሌሉም ለውርሱ ሕጋዊ ተወካይ ይተላለፋል። ለድሆች በሚሰጠው ተጨማሪ የዋስትና ገቢ ግን የሚቀበለው አብሮ ይኖር የነበረ የትዳር ጓደኛ፣ ሟቹ ልጅ ከሆነም ወላጅ ብቻ ነው። ወንድምና እህት በዚህ ተራ ውስጥ የሉም፤ ከእህቱ ጋር ይኖር የነበረ ላጤ ቢሞት፣ ያስታመመችው እህት ምንም አታገኝም።

መብት ያለው ሰው ሟቹን ተክቶ ጉዳዩን ለመቀጠል በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ተተኪ ካልቀረበ ዳኛው መዝገቡን ሊዘጋው ይችላል። መዝገቡ ከተዘጋም ከተዘጋበት ቀን አንስቶ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲከፈት ማመልከት ይቻላል። ለዚህም ሆነ ለመጀመሪያው ማመልከቻ ተቋሙ የአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ያቀርባል።