የገበያ ነፃነትና የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ

መንግሥት እጁን ከገበያ ባነሣ ጊዜ የሚጠቀመው ሸማቹ ነውን? ይህ ጥያቄ በአገራችን የኢኮኖሚ ታሪክ ደጋግሞ የተነሣ ሲሆን፣ መልሱ ከሚመረመርባቸው ሥፍራዎች አንዱ የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው።

እንደሚታወቀው በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በገበሬው ላይ የእህል ኮታ ይጥል፣ ዋጋም ይተምን ነበር። የዓሣው ሥራም ከዚህ ሥርዓት አልራቀም፤ አጥማጆች በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ነበር፤ ዓሣ እየገዛ የሚያከፋፍል የመንግሥት ድርጅትም ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የእህል ኮታው ቀረ። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ ሐይቁ ጀልባና መረብ ላለው ሁሉ ክፍት ሆነ።

ሸማቹ ከዚህ ያገኘው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ዛሬ በአሞራ ገደል ማንም ሰው ከጀልባ የወረደ ዓሣ መርጦ፣ ዋጋ ተከራክሮ ይገዛል።

ይሁን እንጂ እህልና ዓሣ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የእህል ዋጋ ሲወደድ ገበሬው አብዝቶ ይዘራል፤ የዓሣ ዋጋ ሲወደድ ግን የሚዘራ የለም፣ የሚያጠምድ ብቻ ይበዛል። የሐይቁ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ከሚጠመደው ዓሣ አብዛኛው ቆሮሶ ነው። የዓሣ ፍላጎት የሚያይልበት ዐቢይ ጾም ደግሞ ቆሮሶ በብዛት ከሚራባባቸው ወራት ጋር በከፊል ይገጥማል። ስለዚህ ገበያው «አምጣ» የሚለው፣ ሐይቁ «ታገሥ» በሚልበት ሰዓት ነው። ውጤቱም ባለሙያዎች እንዳረጋገጡት የመረብ ዐይን መጥበብና ገና ያልወለደ ዓሣ መጠመድ ሆነ።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ለገበያ የሚያጠምድ ሁሉ ፈቃድ እንዲይዝ ደነገገ። ሕጉ ግን ሐይቁ ከተከፈተ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ዋጋን ነፃ ማውጣትና ሀብትን ያለ ጠባቂ መተው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። የመጀመሪያው ሸማቹን ጠቅሟል፤ ሁለተኛው ግን የነገውን ሸማች ድርሻ ለዛሬው የሚያበላ ነው። እንግዲህ ቁጥጥር ይነሣ ወይስ ይጽና ብሎ ከመከራከር በፊት፣ የትኛው ቁጥጥር ለማን እንደቆመ መለየት ይገባል።