ከባሕር ዓሣ እባጭ እስከ ዋናተኞች ክርን

እ.ኤ.አ. በ1926 አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆሴፍ አሮንሰን፣ በፊላዴልፊያ የዓሣ ማሳያ ስፍራ የሞቱ የባሕር ዓሦችን ሲመረምሩ በውስጥ አካላቸው ነቀርሳ መሰል እባጮችን አገኙ። ከእነዚህ የለዩትንም ባክቴሪያ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም ብለው ሰየሙት። ግኝቱ ግን ለብዙ ዓመታት የዓሣ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ታየ።

በ1951 የስዊድን ሐኪሞች ሊኔል እና ኖርደን በኤሬብሩ ከተማ መዋኛ ገንዳ ቆዳቸው የተላጠ ዋናተኞች፣ በአብዛኛው በክርናቸው ላይ፣ ካወጡት ቁስል አንድ ተሕዋስ ለዩ። አዲስ ስለመሰላቸውም «ባልኔይ» አሉት፤ የአሮንሰን ባክቴሪያ ራሱ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው። ማንነቱን ከሸፈኑት ነገሮች አንዱ ሙቀት ነበር። ተሕዋሱ የሚመቸው 30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ ለሳንባ ነቀርሳ በተለመደው 37 ዲግሪ ከቁስል ተወስዶ ሲዘራ አይበቅልም፣ ወይም እጅግ ደክሞ ይበቅላል። በሰው ላይም ቀዝቀዝ የሚሉትን ክርንና ጣትን የሚያጠቃው ስለዚሁ ነው።

በ1962 ስዊፍትና ኮኸን በቤት የዓሣ ገንዳ ቆዳቸው ከተላጠ በኋላ ተመሳሳይ እባጭ ያወጡ ሕመምተኞችን ገለጹ። ዛሬም ቢሆን ሐኪሙ ናሙናውን ሲልክ የዓሣ ገንዳውን ካልጠቀሰ፣ ላቦራቶሪው በ37 ዲግሪ ብቻ ዘርቶ «ምንም አልበቀለም» የሚል ውጤት ሊመልስ ይችላል።