ጅረት የወሰዳቸውና ጅረቱን ያወቁት፦ የኮዙሜል ደሴት ታሪክ ከውሃ በታች ሲታይ

የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበበ አንድ ባልደረባዬ «አንተ ደግሞ ከሜክሲኮ ባሕር ምን አገናኘህ?» ብሎኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ተወልጄ ያደግሁት በደጋ ነው፤ ዋና የተማርኩትም ጎልምሼ በባቦጋያ ሐይቅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጉባኤ ወደ ሜሪዳ ከተማ ሄጄ ሳለ፣ ሥራው ሲያልቅ አራት ቀን ተርፎኝ ወደ ኮዙሜል ተሻገርኩ። የዛሬው ንግግር የተወለደው ከነዚያ አራት ቀናት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ኮዙሜል ከዩካታን ባሕረ ገብ መሬት በስተምሥራቅ፣ ከየብስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ርዝመቷ 48 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ ደሴት ናት። ከወደቡ ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ የሚቸኩል ሰው አይታይም፤ በቀትር ውሻው እንኳ ከጥላው አይነሣም። ችኮላው ያለው ከባሕሩ ሥር ነው። በደሴቲቱና በየብሱ መካከል ባለው ሰርጥ ከደቡብ ወደ ሰሜን ብርቱ ጅረት ይፈሳል። ይኸው ውሃ ወደ ሰሜን አልፎ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ይነካና በፍሎሪዳ በኩል ወጥቶ የገልፍ ጅረት የሚባለውን ይመግባል። ይህን አቅጣጫ እባካችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በኮዙሜል የሚጠልቅ ሰው አይዋኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፓላንካር በተባለው የኮራል ሪፍ ላይ ከጀልባ ወርደን፣ እንዳንሰምጥም እንዳንንሳፈፍም ክብደታችንን ካስተካከልን በኋላ እጃችንን አጣጥፈን ለጅረቱ ተውነው። ግድግዳ የመሰለው ሪፍ ስፖንጁን፣ ዓሣውንና ዋሻውን ይዞ እንደ ባቡር መስኮት በጎናችን አለፈ። የኮራሉ ሕይወትም በዚሁ ጅረት ላይ የቆመ ነው፤ ምግብ ያመጣለታል፣ ደለሉን ያጥብለታል። ጀልባው መልሕቅ አይጥልም። ነጂው ከላይ ሆኖ የትንፋሻችንን አረፋ እየተከተለ ይነዳል፤ የጉዞው መሪ ደግሞ ከመውጣታችን በፊት በአየር የተሞላ ቀይ ምልክት ወደ ላይ ይሰድዳል። ራሴን ከውሃው ሳወጣ ጀልባው ከአሥር ሜትር በማይበልጥ ርቀት ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። በራሴ ነጻነት የተንሳፈፍኩ መስሎኝ ነበርና፣ ለካ አንድ ሰው ሰዓቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይነቅል ሲከተለኝ ኖሯል።

ይህ ነገር ከአእምሮዬ ስላልወጣ የደሴቲቱን ታሪክ መልሼ ማንበብ ጀመርኩ።

ከስፔናውያን መምጣት በፊት ኮዙሜል የማያ ሕዝብ የተሳላሚ ቦታ ነበረች። ከወሊድና ከፈውስ ጋር የምትያያዘውን ኢሽቼል የተባለች እንስት አምላክ ለመለመን ሰዎች ከየብስ በታንኳ ይሻገሩ ነበር። የመጨረሻው ክፍለ ዘመን ምንጫችን ፍራንሲስካዊው ዲዬጎ ደ ላንዳ ነው። ማያዎች ለኮዙሜል የነበራቸውን ክብር ክርስቲያኖች ለኢየሩሳሌምና ለሮም ካላቸው ጋር አመሳስሎ ጽፏል። የማያን መጻሕፍት በ1562 በማኒ ያቃጠለውም ይኸው ሰው መሆኑን ተማሪዎቼ ሳይሰለቹ ያስታውሱልኝ። ከታንኳዎቹ መነሻዎች አንዱ ፖሌ፣ ዛሬ ሽካሬት የሚባለው ወደብ ነበር። ጅረቱ ወደ ሰሜን የሚገፋ በመሆኑ ቀዛፊው ከሚደርስበት ቦታ ወደ ደቡብ አብልጦ ማነጣጠር ነበረበት። ስሌቱን የሳተ ደሴቲቱን አልፎ ወደ ባሕሩ ይወሰዳል። እንዲህ ያለው ዕውቀት በድንጋይ አይቀረጽም፤ ከመቅዘፊያ ጋር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

በ1511 ከዳርየን ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ይጓዝ የነበረ የስፔን መርከብ በጃማይካ አቅራቢያ ተሰበረ። የተረፉት በትንሽ ጀልባ ሆነው ነፋስና ጅረት ወደ ምዕራብ ወስዶ ዩካታን ላይ ጣላቸው። ኤርናን ኮርቴስ በ1519 ኮዙሜል ሲደርስ በሕይወት የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ጎንሳሎ ጌሬሮ አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ከማያዎች ጋር መቅረትን መረጠ። ኼሮኒሞ ደ አጊላር ግን ሊቀላቀል ሲመጣ መርከቦቹ ሄደው ነበር፤ አንዱ ውሃ ስላስገባ ብቻ ተመለሱ። አጊላር በማያ ቀዛፊዎች ታንኳ ሰርጡን ተሻግሮ ደረሰባቸው። ከዚያ በኋላ እሱ ከማያ ወደ ስፓኒሽ፣ ማሊንትሲን ከናዋትል ወደ ማያ እየተረጎሙ የኮርቴስ አንደበት ሆኑ። የአንድ ታላቅ መንግሥት ውድቀት በከፊል በዚያች ታንኳ ላይ ተሳፍሮ ነበር ማለት ይቻላል። አጊላር በየመጽሐፉ አለ፤ ቀዛፊዎቹ ስም የላቸውም። ፈንጣጣ በተከታዩ ዓመት መጣ። በ1570 በደሴቲቱ የቀሩት ሰዎች አራት መቶ አይሞሉም ነበር።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ልማዱ አልተለወጠም። በየማስታወቂያው የሚነበበው ትረካ፣ ዣክ ኢቭ ኩስቶ በ1961 መጥቶ ኮዙሜልን ለዓለም «አገኘ» የሚል ነው። ያነበብኳቸው ጽሑፎች አንዱ ከሌላው ይገለብጣሉ እንጂ የመጀመሪያ ምንጭ አይጠቅሱም። ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 የሠሩት የመተንፈሻ መሣሪያ ይህን ስፖርት እንዳስቻለ አያከራክርም። ነገር ግን በ1950ዎቹ ሬኔ ካርዶና የተባለው የፊልም አዘጋጅ በዚያው ደሴት ከውሃ በታች ቀርጾ ነበር። የአካባቢው ዓሣ አጥማጆችማ ጅረቱን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁት ነበር። ከየሪፉ በላይ ጀልባን እንዴት እንደሚይዙ ለመጀመሪያዎቹ እንግዶች ማን አሳየ? ተመራማሪ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ይመስለኛል።

በ1990ዎቹ ለቱሪስት መርከቦች ማረፊያ የሚሆን አዲስ ድልድይ በፓራይሶ ሪፍ አጠገብ ሊሠራ ታሰበ። በጥር 1996 ሦስት የሜክሲኮ ማኅበራት በሞንትሪያል ላለው የሰሜን አሜሪካ የአካባቢ ትብብር ኮሚሽን አቤቱታ አቀረቡ። በዚያው ዓመት 12,000 ሄክታር ገደማ የሚሆን ባሕር ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ታወጀ። ኮሚሽኑ በ1997 ፍሬ ነገሩን አጣርቶ ይፋ አደረገ፤ መፍረድ ግን ሥልጣኑ አልነበረም። ድልድዩ ተሠራ። በ2019 በመርከብ የመጡት ጎብኚዎች ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት አቅጣጫ ልመለስ። በ2014 በማያሚ አካባቢ የድንጋያማ ኮራልን ሥጋ የሚያሟሟ በሽታ ታየ። በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ፣ ለማደግ መቶ ዓመታት የፈጀ ኮራል ነጭ አጽም ሆኖ ይቀራል። በ2018 በሜክሲኮ ካሪቢያን ተገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ኮዙሜል ገባ። በ2019 መጸው የደቡብ ሪፎች ለተወሰነ ጊዜ ለጎብኚ ተዘጉ። ፍሎሪዳ ከኮዙሜል አንጻር የጅረቱ ግርጌ እንጂ ራስጌ አይደለችም። ታንኳውን፣ ስብርባሪውን፣ አጊላርን ያመጣ ውሃ ይህን በሽታ በቀጥታ ወደ ኋላ ሊያመጣው አይችልም። ተመራማሪዎች ከሚጠረጥሯቸው መንገዶች አንዱ መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ ከአንድ ወደብ ቀድተው በሌላው የሚያፈሱት ውሃ ነው። ነገሩ ገና ክርክር አለበት። እኔ ግን እንደ ታሪክ መምህር የማየው፣ ጅረቱ የዚህች ደሴት ብቸኛ አምጪና ወሳጅ የነበረበት ዘመን ማብቃቱን ነው። ቀጣዩ ታሪክ ጸሐፊ የመርከብ ውሃ መዝገቦችንም መመርመር ይኖርበታል።

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ የዚያን ዕለት ማስታወሻዬን ገለጥኩ። የወረድንበት ጥልቀት አለ፤ በውሃ ውስጥ የቆየሁባቸው ደቂቃዎች አሉ፤ የሪፉ ስም፣ ያየኋቸው ዓሦች፣ የኤሊዋ ቁመት ሳይቀር በእጄ ጽፌአለሁ። አረፋዬን የተከተለው የጀልባ ነጂ ስም የለም። አልጠየቅሁትም።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ ልተው።