ሳጥኑ ቀድሞ ተናግሮ ነበር

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ፣ ሞጆን አልፋችሁ ቢሾፍቱ ሳትደርሱ በስተቀኝ ራቅ ብሎ ጊምቢቹ ወረዳ አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው በረራ 302፣ 2 ሰዓት ከ44 ላይ እዚያ ማሳ ላይ ተከሰከሰ። 157 ነፍስ። ጉድጓዱ 10 ሜትር ያህል ጥልቀት ነበረው።

ዛሬ ግን ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ሎግ ነው። እንግሊዝኛው አውሮፕላን ሲከሰከስም ፕሮግራም ድንገት ሲቆምም «ክራሽ» ይላል። ትዕዛዝ እየተጻፈላቸው የሚሠሩ፣ መስኮትም ሥዕልም የሌላቸው የኮማንድ ላይን ፕሮግራሞች ሲወድቁ ብዙ ጊዜ ዋና ምስክራቸው የሎግ ፋይሉ ነው። ፕሮግራሙ መስመሮቹን ሜሞሪ ውስጥ አጠራቅሞ «በኋላ እጽፋለሁ» ካለ አብረውት ይሞታሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ወዲያው ዲስክ ላይ መስፈር አለበት፤ ቢቻል ጸሐፊው ሌላ ፕሮግራም ይሁን፣ ዋናው ሲወድቅ እሱ እንዲተርፍ። አውስትራሊያዊው ዴቪድ ዋረን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የኮሜት አውሮፕላኖች ሲወድቁ አይቶ ያሰበው ይህንኑ ነው፦ ከአደጋው የሚተርፍ መቅጃ። «ጥቁር ሳጥን» እንለዋለን እንጂ ቀለሙ ብርቱካናማ ነው።

የ302 መቅጃዎች በማግስቱ ተገኙ፤ ፓሪስ ተነበቡ። መጋቢት 26 የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት እንዳሳየው፣ አፍንጫው ከፊት ከሚመጣው አየር አንጻር ወደ ላይ ምን ያህል እንደቀና ከሚለኩት ሁለት ሴንሰሮች የግራው 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15.3 ነበር። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር የግራውን ብቻ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ ማጥፊያውን አጠፉት። በእጅ ለማስተካከል ቢሞክሩ ግን እምቢ አላቸው።

የሚያንገበግበኝ ይህ አይደለም። ጥቅምት 19 ቀን ኢንዶኔዥያ ውስጥ የላየን ኤር አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ባሕር ገብቶ ነበር። የእሱም ሳጥን ወጥቶ ተነቧል፤ እዚያም ሁለቱ ሴንሰሮች አልተስማሙም፣ እዚያም ያው ሶፍትዌር። ሎጉ ተጽፏል፣ ተርፏል፣ ተነቧል። የአሜሪካው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ኤፍኤኤ ጥቅምት 28 ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ አወጣ። አውሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ። ራሱ መሥሪያ ቤቱ በኅዳር ባሰላው ስሌት፣ ሶፍትዌሩ ካልታረመ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል አደጋ ይጠበቅ ነበር! ስሌቱን ሕዝብ ያወቀው ከእኛው አደጋ በኋላ ነው።

ፕሮግራም ሲወድቅብኝ ሎጉን ገረፍ አድርጌ አይቼ መልሼ ያስነሣሁበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ የማጣው ግን ቢበዛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከጊምቢቹ በኋላ ቻይና በማግስቱ አገደቻቸው፤ እኛም፣ ኢንዶኔዥያም። አሜሪካ ያገደችው መጋቢት 4 ቀን ነው።