የማካረን ገንዳ፤ የታደሰው ምኑ ነው?

አንድ የሕዝብ መዋኛ ገንዳ አረጀ ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የተሰነጠቀ ሲሚንቶ፣ የዛገ ቧንቧና የረገፈ ቀለም ነው። ገንዘብ ከተገኘ መሐንዲስ ይጠራል፣ ይጠገናል፣ በቃ! ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ግን በኒውዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን የሚገኘው የማካረን ገንዳ ለ28 ዓመት ተዘግቶ ባልተቀመጠ ነበር። ያን ያህል ሀብት የተከማቸበት ከተማ አንድ ገንዳ ማደስ እንዴት ያቅተዋል? በዚህች አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ለመመለስ እንሞክራለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሥሩ እንጀምር። በ1929 የፈነዳው የኢኮኖሚ ቀውስ በአሜሪካ ሚሊዮኖችን ከሥራ አባሮ ነበር። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት በ1935 ደብሊው.ፒ.ኤ. የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ ለሥራ አጡ በመንግሥት ወጪ ሥራ ይሰጥ ጀመር። የኒውዮርክ ከንቲባ ላጋርዲያና የመናፈሻዎች ኮሚሽነሩ ሮበርት ሞዝስ ከዚህ ገንዘብ ብዙ ድርሻ ማግኘት ቻሉ። እስከዚያ ድረስ የሠራተኛው ልጅ ሙቀት ሲበረታበት የሚገባው የከተማው ቆሻሻ ወደሚፈስበት ወንዝ ነበር። በ1936 የሙቀት ወራት ብቻ 11 ትልልቅ የሕዝብ ገንዳዎች ተከፈቱ። የዚያ ዓመት ሙቀት ደግሞ የዋዛ አልነበረም፤ በጁላይ ወር 41 ዲግሪ ደርሷል።

የማካረን ገንዳ ከ11ዱ ስምንተኛው ሆኖ ጁላይ 31 ቀን 1936 ተመረቀ። በአንድ ጊዜ 6,800 ዋናተኛ ይይዛል! ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ወርዱ 50 ሜትር ያህል ነበር። አርክቴክቱ ኤይማር ኤምበሪ መግቢያውን በጡብና በትልልቅ ቅስቶች ስለሠራው፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚመጣው የፋብሪካ ሠራተኛ የሚገባው እንደ ቤተ መንግሥት ባለ በር ነበር።

ታዲያ ሁሉ ነገር መልካም ነበር ማለታችን አይደለም። በኒውዮርክ ጥቁሩን ከነጩ ገንዳ የሚያግድ ሕግ ባይኖርም፣ ማን የት እንደሚዋኝ ሰፈሩ ይወስን ነበር። ሮበርት ካሮ በ1974 ባሳተመው የሞዝስ የሕይወት ታሪክ፣ ኮሚሽነሩ ጥቁሮችና ፖርቶሪካውያን ወደ ነጮች ገንዳ እንዳይመጡ ዘዴ ይፈልግ ነበር ሲል ይከሰዋል። ከእርሱ በኋላ የመጡ የታሪክ ሰዎች ደግሞ ከማስረጃዎቹ አንዳንዱን ይጠራጠራሉ። ክርክሩን ለእነርሱ እንተወው። ለእኛ የሚበቃን፣ «ገንዳው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከውሃው ጋር አብሮ መኖሩ ነው።

በ1975 የኒውዮርክ ከተማ ለመክሰር ምንም አልቀራትም ነበር። ሠራተኛ ተቀነሰ፣ በጀት ታጠፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀረው ጥገና ነው። ጥገና ሲቀር ወዲያው አይታይም፤ ዘንድሮ ያልታሰረች ቧንቧ ከአምስት ዓመት በኋላ ግድግዳ ታፈርሳለች። የማካረንም ገንዳ እንደዚሁ ሆነና በ1984 ተዘጋ። ማዘጋጃ ቤቱ ሊያድሰው አቀደ።

ዋናው ታሪካችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እድሳቱን የተቃወሙት ራሳቸው የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ! ሁሉም አይደሉም፤ እድሳቱን የሚሹም ነበሩ። የተቃዋሚዎቹ ምክንያት ጫጫታ፣ ወንጀልና አደንዛዥ ዕፅ ነበር፤ ገንዳው ከተከፈተ የሌላ ሰፈር ሰው ይጎርፍብናል አሉ። «የሌላ ሰፈር ሰው» ሲባል ማን ማለት እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ ጥቁሩና ፖርቶሪካዊው ነው። ወንጀሉ በዚያ ዘመን ከተማውን ሁሉ ያስጨነቀ ስለነበር ፍርሃታቸውን እንዲያው ፈጠራ ነው አንልም። ነገር ግን ለወንጀል መድኃኒቱ ጥበቃ ነው፤ ገንዳውን መዝጋት ምን ይሉታል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፣ የሚባለው ይኸው ነው።

ይህ የብሩክሊን ብቻ አመል አልነበረም። በሚሲሲፒ የምትገኘው የጃክሰን ከተማ 5 የሕዝብ ገንዳዎች ነበሯት፤ 4ቱ ለነጮች፣ 1ዱ ለጥቁሮች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሕዝቡን በዘር መለየት ሕገ ወጥ ነው ቢል፣ ከተማዋ 4ቱን ዘጋች፤ የተከራየችውን አምስተኛውን ለባለቤቱ መለሰች። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል! ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ በ1971፣ በ5 ድምፅ ለ4፣ መዝጋቱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ተባለ። በጃክሰን የዘጋው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ በብሩክሊን ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ሊያድስ ሲል ያገደው የሰፈሩ ሰው ነው። ዞሮ ዞሮ ድሀው ልጅ ሳይዋኝ ቀረ።

የማካረን ገንዳ ዓመት ከዓመት አረም በቀለበት፤ ወጣቱ ግድግዳውን በቀለም ሞነጫጨረው። ከ2005 ጀምሮ ባዶው ገንዳ ውስጥ ዳንስ፣ ቀጥሎም የሙዚቃ ድግስ ይታይበት ገባ። በዚያው በ2005 ከተማው የሰፈሩን የመሬት አጠቃቀም ለወጠ፤ በወንዙ ዳር ፎቅ መሠራት ጀመረ፣ የቤት ኪራይ ሰማይ ነካ። በ2007 ገንዳው በቅርስነት ተመዘገበ፤ የከንቲባ ብሉምበርግ አስተዳደርም 50 ሚሊዮን ዶላር ያህል መደበለት። ሃያ ዓመት ያልተገኘ ገንዘብ ሀብታም ጎረቤት ሲመጣ መገኘቱን በአጋጣሚ ብቻ ለማለፍ ይከብደናል።

ጁን 28 ቀን 2012 በሩ ተከፈተ። ቅስቶቹ ታድሰዋል፤ ገንዳው ግን አሁን የሚይዘው 1,500 ሰው ነው፤ ከድሮው ከሩቡ ያነሰ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠብ ተነሣ፣ የታሰሩም ነበሩ። «ይኸው፣ ብለን አልነበረም?» ያለም አልጠፋም። ሆኖም ያን ጊዜ ገንዳው አልተዘጋም። ጥበቃው ተጠናከረ፣ ዋናውም ቀጠለ። መግቢያውም በነፃ ነው። የሃምሳ ሚሊዮኑ ዶላር ሥራ ሁሉ ተደምሮ ለእኛ ትልቁ እድሳት ይኸው ይመስለናል፤ ከአዲሱ ፎቅ የወረደውና ከሩቅ ሰፈር በባቡር የመጣው ልጅ በአንድ በር ገብተው አንድ ውሃ ውስጥ ይንቦጫረቃሉ።

እንግዲህ ጓዶች፣ አንድ የጋራ ነገር፣ ገንዳም ይሁን ቤተ መጻሕፍት ወይም መናፈሻ፣ «አርጅቷልና ይታደስ» ወይም «አርጅቷልና ይዘጋ» ሲባል ስንሰማ ስለ ሲሚንቶው ብቻ አንጠይቅ። ጥገናው መቼ ቀረ? ማን አስቀረው? ሥራው ሲያልቅስ በበሩ የሚገባው ማን ነው? የማካረን ገንዳ 28 ዓመት የደረቀው እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ስላጡ ነው።