ከማሕፀን ውጭ የበቀለው ሽፋን፤ የአንጀት ኢንዶሜትሪዮሲስ ዕውቀት እንዴት እንደ ዳበረ

ሆዷን የታመመችን ሴት የአንጀት ሐኪም ይመልከታት ወይስ የማሕፀን ሐኪም የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ የኢንዶሜትሪዮሲስን ታሪክ ለሚመረምር ሰው፥ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው የሊቃውንት ክርክር በአመዛኙ ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ሆኖ ያገኘዋል። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው፥ ማሕፀንን ከውስጥ የሚያለብሰውን ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ በቅሎ ሲገኝ ነው። አንጀትን ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በደንዳኔውና ከእርሱ በላይ ባለው ጠምዛዛ የትልቁ አንጀት ክፍል ላይ ነው፤ ትርፍ አንጀትና የትንሹ አንጀት መጨረሻም አልፎ አልፎ ይነካሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ እንደ ልማድ የሚነገረው ከቪየናው የፓቶሎጂ ሊቅ ከካርል ፎን ሮኪታንስኪ ነው። ሮኪታንስኪ በ1860 ዓ.ም. የማሕፀን ዕጢዎችን የመሰሉ ቅንጣቶች በቦታቸው ሳይሆን በእባጭ ውስጥ ተሰግስገው ማየቱን ጽፏል። በእርግጥ ያየው ዛሬ ኢንዶሜትሪዮሲስ የምንለውን ሕመም ነው ወይስ ሌላ የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ እርሱ ራሱ የመደበው ከእባጭ ወገን ነበርና። ከእርሱም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሕመሙ ይታወቅ የነበረው አዴኖማዮማ በሚለው ስም፥ ይኸውም ዕጢና ጡንቻ የተቀላቀሉበት እባጭ ተብሎ ነው።

ይህን እባጭ በአካል ውስጥ ከየት እስከ የት እንደሚገኝ በትዕግሥት የተከታተለው በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ያስተምር የነበረው ቶማስ ከለን ነው። በ1908 ዓ.ም. ስለ ማሕፀን አዴኖማዮማ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ። በ1920 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ ያው ሕብረ ሕዋስ በእንብርት፥ በደንዳኔና በሴት ብልት መካከል ባለው ግድግዳ፥ እንዲሁም በአንጀት ላይ ጭምር እንደሚገኝ አሳየ። ከለን የቀዶ ጥገና ሰው ስለ ነበር የነገሩን ክብደት በእጁ ያውቀዋል። በደንዳኔና በብልት መካከል ሥር የሰደደውን እባጭ ነቅሎ ማውጣት ስለ ማሕፀን በር ካንሰር ማሕፀንን ከማውጣት የባሰ አስቸጋሪ መሆኑን አስጠንቅቋል።

በአንጀት ረገድ ግን ዋናውን እመርታ ያመጣው የአልባኒው ሐኪም ጆን ሳምፕሶን ነው። ሳምፕሶን በ1921 ዓ.ም. በእንቁልጢ ላይ የሚገኙትን፥ ቸኮሌት የመሰለ ያረጀ ደም የቋጠሩትን ከረጢቶች ገለጸ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ የማሕፀን ሽፋን ዓይነት ስላላቸው የአንጀት እባጮች ለብቻው ጽፎ፥ ከእነዚያው ከረጢቶች ጋር አዛመዳቸው። የዚህ ጥቅም በምርምር ክፍል ብቻ የሚቀር አልነበረም። ደንዳኔን አጥብቦ የያዘ ጠንካራ እባጭ ያገኘ ቀዳጅ፥ ካንሰር ነው ብሎ ብዙ አንጀት ቆርጦ ይጥል ወይም ነገሩ አልፏል ብሎ ሆዱን መልሶ ይሰፋ ነበርና፥ ካንሰር ያልሆነውን ለይቶ ማወቅ ለታማሚዋ ዕጣ ወሳኝ ነበር።

ሳምፕሶን በ1927 ዓ.ም. መንስኤውን ሲያስረዳ፥ የወር አበባ ደም በማሕፀን ቱቦዎች በኩል ወደ ሆድ ዕቃ ተመልሶ ሲፈስ የሽፋኑን ሕዋሳት ይዞ ይዘራቸዋል አለ። የበርሊኑ ሮበርት ማየር ግን የሆድ ዕቃ ስስ ሽፋን ራሱ ባሕርዩን ለውጦ ያበቅለዋል እንጂ ከሌላ ቦታ አይመጣም ባይ ነበር። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በ1984 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣ ጥናት፥ ቱቦዎቻቸው ካልተደፈኑ ሴቶች መካከል 90 ከመቶ በሚሆኑት የወር አበባ ደም ወደ ሆድ ዕቃ እንደሚፈስ አሳየ። ይህ ሳምፕሶንን የሚደግፍ ቢመስልም ሌላ ጥያቄ አስነሣ፤ ደሙ በሁሉም የሚፈስ ከሆነ ሕመሙ በጥቂቶቹ ብቻ የሚበቅለው ስለ ምንድን ነው?

ሕመሙ አንጀትን የሚይዘው ከውጭ ወደ ውስጥ መሆኑ ለሐኪሙ ከሁሉ ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ነው። በውጭው ሽፋን ይጀምርና ወደ ጡንቻው ይዘልቃል፤ ጡንቻው ይወፍራል፥ አንጀቱ ይኮማተራል፤ የውስጠኛው ልስልስ ሽፋን ግን ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ በፊንጢጣ በኩል በሚገባ መመልከቻ የተመረመረች ሴት ምንም አልተገኘብሽም ትባላለች፤ በወር አበባዋ ሰሞን ስትጸዳዳ የሚያስጮኻት ሕመም ግን በየወሩ ይመለሳል። ድርቀትና ተቅማጥ እየተፈራረቁባት የአንጀት መቆጣት የሚል ስም ተሰጥቷት ዓመታት ያለፉባት ታማሚ በየአገሩ አለች።

ምርመራውን ያዘገየው የአካሉ ጠባይ ብቻ አልነበረም። በቦስተን ታዋቂ የነበረው ጆ ሜግስ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሕመሙን ከዘገየ ጋብቻና ከዘገየ ወሊድ ጋር እያያያዘ፥ ሴቶች በወጣትነት አግብተው እንዲወልዱ ይመክር ነበር። ከዚህም የተነሣ ኢንዶሜትሪዮሲስ የተማሩና የደላቸው ነጭ ሴቶች ሕመም ነው የሚል እምነት በመማሪያ መጻሕፍት ሳይቀር ሠረጸ። የቺካጎው ዶናልድ ቻትማን በ1976 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት ይህን እምነት ፉርሽ አደረገው፤ የማሕፀን አካባቢ ልክፈት አለባቸው ሲባሉ ከነበሩት ጥቁር ሴቶች ብዙዎቹ ሲመረመሩ የተገኘባቸው ኢንዶሜትሪዮሲስ ነበር። ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ለሚሠራ ሐኪም የሩቅ ወሬ አይደለም። ሆዴን ያለችውን ሁሉ በአሜባ፥ ስጸዳዳ ደማሁ ያለችውን ሁሉ በኪንታሮት ብቻ የሚያስተናግድ ሐኪም፥ ከወር አበባሽ ጋር ይመላለሳል ወይ ብሎ መጠየቁ ምንም አያስወጣውም።

ሕክምናው ለረጅም ጊዜ እንቁልጢዎችን ከማውጣት እምብዛም አላለፈም ነበር። በ1958 ዓ.ም. ሮበርት ኪስትነር በሆርሞን እርግዝናን የሚመስል ሁኔታ መፍጠርን አስተዋወቀ፤ በ1970ዎቹ ዳናዞል ተከተለ፤ እርሱም ድምፅን ያጎረንናል፥ ጠጉርም ያበቅላል። የቤልጅጉ ፊሊፕ ኮኒንክስና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሽፋኑ ሥር ከ5 ሚሊሜትር በላይ የጠለቀውን ሕመም በራሱ ክፍል መደቡት፤ በዚያው ዘመን በጠባብ ቀዳዳ በሚገባ መሣሪያ አንጀትን መቁረጥ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ የቀዳጆቹ ሙግት፥ እባጩን ከአንጀቱ ላይ መላጨት ወይስ አንጀቱን ቆርጦ መቀጠል ይሻላል የሚል ሆኗል። በ2018 ዓ.ም. በፈረንሳይ በሩዋን የተመራ፥ 60 ሴቶች በዕጣ የተመደቡበት ጥናት፥ ከሁለት ዓመት በኋላ በአንጀት ሥራ ረገድ በሁለቱ መንገዶች መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም።

የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሊቃውንት ማኅበር በ2022 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሕመሙን ለማወቅ ሆድን በመሣሪያ መክፈት የግድ መሆኑ ቀርቷል፤ አልትራሳውንድና ኤም አር አይ ቀድመው ይታዘዛሉ። ይኸው መመሪያ ግን በምስሉ ላይ ምንም አለመታየቱ ሕመሙ የለም ለማለት እንደማያበቃ ጨምሮ አስፍሯል።